የጓሮ ዶሮዎችን ከጥገኛ ተውሳኮች በተፈጥሯዊ ዘዴ መጠበቅ

በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር በገጠር ብቻ ሳይሆን በከተሞችም የጓሮ ዶሮ እርባታን አበረታቷል። በዚህም ሳቢያ ጥቂት ቦቫንስ ብራውን ወይም ሳሶ ዶሮዎችን በግቢው የሚያረባ የመንግስት ሰራተኛ ማግኘት ብርቅ አይደለም። የእንቁላል ምርት ሲቀንስ፣ የዶሮዋ ኩክኒ ሲገረጣ ወይም ላባዋ ሲመለጥ ግን የብዙዎች እጅ በቅድሚያ የሚዘረጋው ለእህል ማከማቻ ወደተገዛው ጸረ ተባይ ዱቄት ነው። ይህ አደገኛ ልማድ ነው። በስብ ውስጥ የመሟሟት ባህሪ ያላቸው ኬሚካሎች ወደ እንቁላሉ አስኳል የሚገቡ በመሆናቸው፣ ጉዳቱ ቁርሳቸውን እንቁላል ለሚመገቡ ህጻናት ይተርፋል።

በዶሮ አካል ላይ ከሚኖሩት ተባዮች በቀዳሚነት የሚጠቀሰው ቅማል ነው። የዶሮ ቅማል ሙሉ ህይወቱን በዶሮዋ ላይ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ እንቁላሉን በላባ ስር አጣብቆ ይጥላል። በመሆኑም በፊንጢጣ ዙሪያ ያለውን ላባ ገልጦ በቀን ብርሃን በመመልከት በቀላሉ መለየት ይቻላል። ለዚህ ተባይ ዶሮዋ ራሷ መድኃኒቱን ታውቃለች። በደረቅ አፈር ላይ መንከባለሏ ጨዋታ ሳይሆን ንጽህና ነው። ደቃቁ አቧራ የተባዩን ቆዳ የሸፈነውን የሰም ሽፋን በመፋቅና በመምጠጥ አድርቆ ይገድለዋል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የዲያቶማይት አፈር፣ የካኦሊን ሸክላ ወይም ድኝ በያዘ ሳጥን ውስጥ በተንከባለሉ ዶሮዎች ላይ የነበሩት ተባዮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ80 እስከ 100 በመቶ ቀንሰዋል።

በእኛ ሀገር ተመሳሳይ አገልግሎት ሲሰጥ የኖረው አመድ ነው። ደረቅ አፈር፣ አሸዋና ተነፍቶ የቀዘቀዘ የእንጨት ወይም የከሰል አመድ ቀላቅሎ ሁለት ዶሮ በሚያስተኛ ሳጥን ወይም ጉድጓድ ውስጥ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መሙላት በቂ ነው። ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት የተቃጠለበት አመድ ፈጽሞ መጨመር የለበትም። እርጥብ አመድም ቆዳ የሚያቃጥል በመሆኑ ጉድጓዱ ጣሪያ ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ተባይ በክረምት የሚበረታው በአመዛኙ ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት ደረቅ ስፍራ ስለሚያጡ ነው። እዚህ ላይ ለግዢና ስርጭት ኃላፊዎች የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ፤ ምንቃራቸው የተቆረጠ ዶሮዎች ላባቸውን በአግባቡ መልቀም ስለማይችሉ ቅማል ይበዛባቸዋል፤ ስለዚህም ከሌሎቹ የበለጠ ክትትል ይሻሉ።

አመድ የማይፈታው ችግር ቀይ ማይት በመባል የምትታወቀው ደቃቅ ተባይ ናት። ይህች ተባይ ቀን በቆጡ ስንጥቅና በግድግዳው ቀዳዳ ተደብቃ ትውላለች፤ ሌሊት ወጥታ የዶሮዎቹን ደም ትመጣለች። በሞቃት አየር ከእንቁላል ተነስታ ለአካለ መጠን ለመድረስ ከሰባት እስከ አስር ቀን ይበቃታል፤ ያለ ምግብም ለወራት ልትቆይ ትችላለች። ዶሮዎቹ ማታ ወደ ቆጣቸው ለመግባት ሲያንገራግሩ፣ ወይም በሌሊት በባትሪ ብርሃን ቆጡ ላይ ነጭ ጨርቅ ሲታሽ የደም ነጠብጣብ ሲታይበት መኖሯ ይረጋገጣል። ስለዚህ ሊታከም የሚገባው ቤቱ ነው። ቆጡን ነቅሎ በፈላ ውሃ መቀቀልና ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ስንጥቁን በጭቃ መድፈን፣ ግድግዳውን ኖራ መቀባት፣ የቆጡን መጋጠሚያ በምግብ ዘይት ማሸት፤ ይህንኑ ከሳምንት በኋላ መድገም።

የውስጥ ተውሳኮችን በተመለከተ መፍትሄው የቀን አቆጣጠር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በኩስ የሚወጣው የወስፋት እንቁላል ሌላ ዶሮ ለመበከል አስር ቀንና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። በየሳምንቱ ኩስን የሚጠርግ አርቢ ስለዚህ ተውሳኩን ይቀድመዋል። ጫጩቶችን ደም አስቀምጦ የሚገድለው ኮክሲዲያ ግን በእርጥበትና በሙቀት በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚዘጋጅ፣ ጉዝጓዙን ዘወትር ደረቅ ማድረግና የውሃ መጠጫው ዙሪያ እንዳይረጥብ መቆጣጠር ይገባል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ ወይም ኮሶ ለዶሮ የሚሰጡ አርቢዎች አሉ። ኮሶ ለሰው ልጅ የኮሶ ትል ማስወገጃነቱ ቢታወቅም፣ በግምት ለዶሮ መስጠት አይመከርም። ነጭ ሽንኩርትም መኖን ያጣፍጥ እንደሆነ እንጂ ትል ያረባውን ግቢ አያጸዳም። በአንጻሩ እንደ ድሬዳዋ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች በብዛት የሚገኘው የኒም ዛፍ ዘይት ቀይ ማይትን እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል።

"ተፈጥሯዊ" የሚለው ስያሜ ብቻውንም ዋስትና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በኔዘርላንድስና በቤልጂየም ከዕጽዋት የተሰራ ነው ተብሎ ለቀይ ማይት ማጥፊያ በቀረበ ምርት ውስጥ ፊፕሮኒል የተባለ ክልክል ኬሚካል ተቀላቅሎ በመገኘቱ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንቁላሎች ከገበያ ተሰብስበዋል። በየገበያው ያለ መለያ በፌስታል የሚሸጥ ዱቄት ከዚህ የተሻለ እምነት ሊጣልበት አይችልም። ዶሮን በነጭ ጋዝ ማሸትም ቆዳን ከማቃጠል የዘለለ ፋይዳ የለውም።

ከሁሉ በላይ ፈንግልን ከጥገኛ ተውሳክ ጋር ማምታታት መንጋን ያስጨርሳል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጣመምና የትንፋሽ መቆራረጥ የቫይረስ በሽታ ምልክቶች በመሆናቸው አመድም ሆነ ቅጠል አያድኗቸውም። መከላከያው በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ ቬተሪነሪ ኢንስቲትዩት የሚያመርተው ክትባት ነው። በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ዓይነት በየሶስትና አራት ወሩ የሚደገም ሲሆን፣ ለአንድ ግቢ ሶስት ዶሮዎች ብቻ ጠርሙስ መክፈት ስለማያዋጣ ጎረቤታሞች ቀን ተነጋግረው በአንድነት ቢያስከትቡ ይመረጣል።