የባክአፕ ሃርድ ዲስካችሁ ሞላ? ምንም ከመሰረዛችሁ በፊት ይህን አንብቡ

"ኤክስተርናሌ ሞልቷል፣ የቱን ልሰርዝ?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ትልኩልናላችሁ። አጭሩ መልሳችን፦ ለጊዜው ምንም አትሰርዙ። መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ካለው ውስጥ የቱ ቅጂ እንደሆነ፣ የቱ ደግሞ ብቸኛው እንደሆነ ለዩ።

ባክአፕ የሚባለው ዋናው ሌላ ቦታ ላይ ሲኖር ነው። ላፕቶፑ ሲጣበብ የሰርጉን ፎቶ "ኤክስተርናሉ ላይ አለ" ብለን ከላፕቶፑ ካጠፋነው፣ ኤክስተርናሉ ላይ የቀረው ባክአፕ መሆኑ ቀረ፤ ያለን እሱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከወራት በኋላ "ባክአፑን ላጽዳ" ሲል የሚያጠፋው የመጨረሻዋን ቅጂ ይሆናል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። 1 ቴራባይት ብላችሁ የገዛችሁት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጂቢ ገደማ ብሎ ቢያሳያችሁ ሻጩ አላጭበረበራችሁም። አምራቹ በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 እያካፈለ ያሳያል። የጎደለ ቦታ የለም።

ታዲያ ቦታውን የሚበላው ምንድነው? ዊንዶውስ ላይ "ፋይል ሂስትሪ" የምትጠቀሙ ከሆነ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የቆዩ ቅጂዎች ናቸው። ዲስኩ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ፕሮግራሙ በየሰዓቱ የተቀየረ ፋይል ካለ ይፈልጋል። ሲያገኝም የተቀየረውን ክፍል ብቻ ሳይሆን ፋይሉን በሙሉ እንደገና ይገለብጣል። ለደብዳቤና ለመመረቂያ ጽሑፍ ይህ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ትናንት ያበላሻችሁትን ምዕራፍ የሚመልስላችሁ ይኸው ነው። ነገር ግን 2 ጂቢ የሆነ ፋይል በተለያየ ሰዓት አሥር ጊዜ ካስተካከላችሁ 20 ጂቢ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ላይ ካልቀየራችሁት በስተቀር ቅጂዎቹን "ለዘላለም" እንዲያስቀምጥ ተደርጎ ነው የሚመጣው።

ሌላው በላተኛ የዳውንሎድ ፎልደር ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ይህ ፎልደር ባክአፕ ከሚደረጉት ዝርዝር ውስጥ ራሱ ይገባል። ኮምፒውተር ላይ በቴሌግራም የምታወርዱት ፊልምና ተከታታይ ድራማ ደግሞ የሚቀመጠው እዚያው ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" በሚል ፎልደር ነው። እንግዲህ አንዴ አይታችሁ የምትተዉት ፊልም ሁሉ ከልጆቻችሁ ፎቶ ጎን ባክአፕ እየተደረገ ነው ማለት ነው!

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፋይል ሂስትሪን ክፈቱ። "ኤክስክሉድ ፎልደርስ" የሚለው ላይ ገብታችሁ ዳውንሎድን አስወጡ (መጀመሪያ ግን እዚያ ተረስቶ የቀረ ሰነድ ካለ ወደ ዶክመንትስ ውሰዱት)። ከዚያ "አድቫንስድ ሴቲንግስ" ውስጥ ቅጂዎች ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጡ የሚለውን ከዘላለም ወደ አንድ ዓመት፣ ወይም "ቦታ እስኪያስፈልግ ድረስ" ወደሚለው ቀይሩት። ለብዙ ሰው አንድ ዓመት ይበቃል ብለን እናምናለን።

እዚያው ገጽ ላይ "ክሊን አፕ ቨርዥንስ" የሚል አለ። ቦታ የሚያስለቅቀው እሱ ነው፤ አደጋውም እዚያ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ አሁንም ያለ ፋይል ከሆነ የቅርብ ጊዜውን ቅጂ አይነካውም። ከኮምፒውተሩ ያጠፋችሁት ወይም ከባክአፕ ያስወጣችሁት ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ከሆነ ግን የመጨረሻው ቅጂም ሊጠፋ ይችላል። የሰርጉ ፎቶ ጉዳይ እንግዲህ ይኸው ነው። ስለዚህ ይህንን ከመጫናችሁ በፊት ከላፕቶፑ ያጠፋችሁትን አስፈላጊ ነገር ሁሉ አውጥታችሁ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። "ፋይል ሂስትሪ" የሚለው ፎልደር ውስጥ ገብታችሁ በእጅ መሰረዝን ደግሞ አንመክርም።

ማክ የምትጠቀሙ "ታይም ማሽን" ይህንን ራሱ ይሠራላችኋል። የመጨረሻዎቹን 24 ሰዓታት በየሰዓቱ፣ ያለፈውን አንድ ወር በየቀኑ፣ ከዚያ በፊት ያለውን በየሳምንቱ ይይዛል፤ ዲስኩ ሲሞላ በጣም የቆየውን ያጠፋል። ምቹ ነው። ነገር ግን ከማኩ ያጠፋችሁት ፋይል አንድ ቀን ከባክአፑም ሳይነግራችሁ ይሄዳል ማለት ነው። አፕል የባክአፕ ዲስኩ ቢያንስ የኮምፒውተሩን ሁለት እጥፍ እንዲይዝ ይመክራል፤ ዊንዶውስ ላይም ብትጠቀሙበት ጥሩ መለኪያ ነው።

በእጅ ኮፒ እያደረጋችሁ የምታስቀምጡስ? "ባክአፕ"፣ "ባክአፕ አዲስ"፣ "ባክአፕ የመጨረሻ" የሚሉ ሦስት ፎልደሮች ካሏችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። የቱ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ ለማየት ዊንዲርስታት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በሥዕል ያሳያል። አንዱን ፎልደር ከማጥፋታችሁ በፊት በሌላው ውስጥ ያለውን ፋይል ከፍታችሁ እዩት፤ ስሙ ኖሮ የማይከፈት ፋይል ያጋጥማል።

ፎቶና ቪዲዮን ዚፕ በማድረግ ቦታ ለማትረፍ አትድከሙ። ጄፔግና ኤምፒ4 ድሮውኑ የታመቁ ስለሆኑ የሚቀንሰው ከቁጥር አይገባም። ሰርዛችሁም ቦታው ካልተለቀቀ ዲስኩ እንደተሰካ ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አድርጉት፤ ማክ ላይም እንደዚያው፣ ትራሹን። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የራሱ ሪሳይክል ቢን አለው፣ የሰረዛችሁት እዚያ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ያ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከጠበበ ፊልሙን ወደ ሌላ ርካሽ ዲስክ አውጡትና ይህኛውን ለባክአፕ ብቻ ተዉት።