የዳኝነት አክቲቪዝምና የዳኝነት ቁጥብነት

ፍርድ ቤት የሕዝብ ተወካዮች ያወጡትን ሕግ ከሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብሎ ለመሻር ምን ያህል ሊደፍር ይገባል በሚለው ጥያቄ ላይ የተለያዩ ሁለት አቋሞች ናቸው። አክቲቪስት የሚባለው ዳኛ መብት ተጥሷል ብሎ ካመነ ከመሻር አይመለስም። ቁጥቡ ዳኛ ሕጉን ቢጠላው እንኳ ማረሙን ለመራጩ ሕዝብ ይተዋል። አከፋፈሉን ያስለመደው አሜሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ አርተር ሽሌሲንገር ጁኒየር እ.ኤ.አ. በ1947 በፎርቹን መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ነው።

ክርክሩ ግን ስሙን ይቀድማል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 የኒውዮርክ ዳቦ ጋጋሪዎች በቀን ከ10፣ በሳምንት ከ60 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ የሚከለክለውን ሕግ የውል ነፃነትን ይነካል ብሎ በ5 ለ4 ድምፅ ሻረው። በዚያ ዘመን ዳኞች ይቆጠቡ ባዮቹ ለሠራተኛው የሚቆረቆሩት ነበሩ።

የቁጥብነት ፈተና ጎልቶ የታየው በዚሁ ፍርድ ቤት ዳኛ በፊሊክስ ፍራንክፈርተር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ አንሰጥም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ሲባረሩ፣ ፍራንክፈርተር የ8ቱን ዳኞች ውሳኔ ጽፈው እርምጃውን አጸኑት። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ጥያቄ ከዌስት ቨርጂኒያ ሲመጣ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ሐሳቡን ለወጠ። ፍራንክፈርተር ግን በሐሳብ ተለዩ፤ ራሳቸው በታሪክ እጅግ ከተሳደደ ሕዝብ የተወለዱ አይሁዳዊ መሆናቸውን አስታውሰው፣ የግል ስሜት በፍርድ ውስጥ ቦታ የለውም አሉ። ሐቀኝነታቸው አያጠራጥርም፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን የተባረሩት ልጆች ነበሩ።

ዛሬ «አክቲቪስት» የሚለው ስም ብዙውን ጊዜ የተሸነፈ ወገን የሚለጥፈው ስድብ ሆኗል። በአሜሪካ የፅንስ ማቋረጥን መብት እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጁት ዳኞች ተብለውበታል፤ በ2022 የሻሩትም እንዲሁ።

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትን የመተርጎም ሥልጣን ከመነሻው ለፍርድ ቤት አልተሰጠም። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የመጨረሻው ተርጓሚ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ ጉዳዩን የሚያጣራለት 11 አባላት ያሉት ጉባኤ አለ። ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው። ስለዚህ ክርክሩ ይበልጥ የሚመለከተው የዚሁ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎትን ነው፤ ችሎቱ ለሕግ የሚሰጠው ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሥር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳልና።