ፈታይዋን ማን ቆጠራት?

እህቶቼ፣ ብዙዎቻችን ከአገር ስንወጣ ሻንጣችን ውስጥ አንዲት ነጠላ አልጠፋችም። በበዓል እንለብሳታለን፣ ሲበርደን እንደርባታለን፣ ሲከፋን ደግሞ ፊታችንን እንሸፍንባታለን። ይቺን ነጠላ ማን ሠራት ተብለን ብንጠየቅ ሁላችንም “ሸማኔ” እንላለን። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሸማኔው የሠራበትን ክር ቁጭ ብላ የፈተለች ሴት አለች። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ስለ እሷ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሐውልት ተምሬአለሁ። ስለ እንዝርት ግን የተማርኩት ከአያቴ ነው። ከተማ ያደጋችሁ ላታውቁት ትችላላችሁና ሥራውን ባጭሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጥጡ ከፍሬው ይለያል። ድንጋይ ላይ ይደረግና በብረት ዘንግ ይዳመጣል፤ ፍሬው ወዲያ፣ ጥጡ ወዲህ ይቀራል። ቀጥሎ በደጋን ይነደፋል። ደጋን እንደ ቀስት የተወጠረ ነገር ነው፤ ጅማቱ ሲነዝር ጥጡ እንደ አረፋ ይነሣል። ያ ባዘቶ ይባላል። ከዚያ ሴትየዋ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እንዝርቱን ታሾራለች። ክሩ እየቀጠነ እየጠነከረ እንዝርቱ ላይ ይጠመጠማል፤ ሲሞላም ልቃቂት ይሆናል። ለድር የሚሆነው ጠበቅ ብሎ ይከርራል፣ ለማግ የሚሆነው ላላ ይላል። ሸማኔው ሥራውን የሚጀምረው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ጋቢ ሲሆን ደግሞ አራት ድርብ ነውና ብዙ ክር ይበላል። ለዚህ ነው አንድ ሸማኔ ሥራ እንዳይፈታ ብዙ ፈታዮች የሚያስፈልጉት።

ታዲያ ይሄ ሁሉ መቼ ይሠራል? “በትርፍ ጊዜ” ይሉናል። ውኃ ተቀድቶ፣ እህል ተፈጭቶ፣ እንጀራ ተጋግሮ፣ ልጅ ተኝቶ፤ ከዚያ በምትቀረው ጊዜ ማለት ነው። አያቴ ቡና እስኪፈላ ትፈትላለች፣ እንግዳ እያጫወተች ትፈትላለች። እንዝርቷን የምታስቀምጠው በበዓል ቀን ብቻ ነበር። ትርፍ የተባለው ጊዜ እኮ ሌላ ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በኖባ ሰዎች ላይ ያደረገውን ዘመቻ ድንጋይ ላይ አስቀርጾ ትቶልናል። በዚያ ጽሑፍ ሠራዊቱ የጠላትን የእህልና የጥጥ ማከማቻ እንዳጠፋና ወንዝ ውስጥ እንደጣለ ይናገራል። ልብ በሉ፤ ጥጥ የተጠራው ከእህል ጎን ነው። ጠላትን መጉዳት የፈለገ ንጉሥ ጎተራውን ብቻ ሳይሆን ጥጡንም አጠፋ። በዚያ ዘመን ጥጥ ያን ያህል ዋጋ ነበረው ማለት ነው። ጥጡን ክር የሚያደርገው እጅ ግን ድንጋዩ ላይ የለም።

ብዙ ዘመን ዘልለን ጎንደር እንድረስ። ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ የዓባይን ምንጭ ልፈልግ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ገባ፤ ወደ ጎንደር ሲወጣም በዓድዋ አለፈ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ዓድዋ ላይ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ እንደሚሠራና ያ ጨርቅ በብር ገንዘብ ፈንታ በአገሩ ሁሉ እንደሚዘዋወር ጽፏል። እኔ በጨው አሞሌ ይገበያዩ እንደነበር አውቅ ነበር። በጨርቅም እንደሚገበያዩ ሳነብ ግን መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ። የጨርቁ ክር የሚመጣው ከሴቶች እንዝርት ነው። ስለዚህ አገሩ የሚገበያይበት ገንዘብ የሚጀምረው ቡና እስኪፈላ ከሚፈተል ፈትል ነበር ማለት ነው።

ፈትል የድሃ ሥራ ብቻም አልነበረም። እመቤቶችም ይፈትሉ ነበር፤ ጥሩ የምትፈትል ሴት “ባለሙያ” ተብላ ትመሰገናለች። ልቃቂቷን ገበያ አውጥታ የምትሸጥም ነበረች። ሸማኔው ግን በሙያው ይሰደብ ነበር፤ “ቁጢት በጣሽ” ይሉታል። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ትልቅ ነገር ነው፤ የሠራተኛን ክብር በአደባባይ የተናገረ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። ሸማኔው የተሰደበው ሥራው እንደ ሥራ ስለታየ ነው። ፈታይዋ ምስጋና አላጣችም፤ ምስጋናው ግን “ጥሩ ሴት ናት” የሚል ነው። ለመሰደብ እንኳ ሥራዋ መጀመሪያ ሥራ መባል ነበረበት።

ከዚያ የፋብሪካ ጨርቅ መጣ። አቡጀዲው በመርከብና በግመል ገባ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው ባቡር ተጫነ። የፋብሪካ ክርም ተከተለ። ዛሬ ሽሮ ሜዳ የምትገዙት ነጠላ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ የእጅ ፈትል ካለበትም ማጉ ላይ ነው። እንዝርቱ አልጠፋም፤ ግን ወደ ጥግ ሄደ።

ይሄ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሁን ባለንበት በሊባኖስ ተራራ ላይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰዎች ቱት እየተከሉ፣ በቅጠሉ የሐር ትል ያረቡ ነበር። ሐሩን ፈትቶ ክር የሚያደርግ ፋብሪካም በየመንደሩ ተሠራ፤ ከርኻና ይሉታል። ክሩ በቤይሩት ወደብ አድርጎ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሊዮን ይሄድ ነበር። እዚያ ፋብሪካ የሚሠሩት በአብዛኛው የገበሬ ልጃገረዶችና ሴቶች ነበሩ። የፈላ ውኃ ውስጥ እጃቸውን እየከተቱ ለትንሽ ደሞዝ ይሠሩ ነበር። የዛሬዋ ማዳም ቅድመ አያት ከእነሱ አንዷ ልትሆን ትችላለች።

ሕንድ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። የእንግሊዝ ፋብሪካ ጨርቅ የሕንድን ፈታይ ሥራ ሲያስፈታ፣ ጋንዲ ሰው ሁሉ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እንዲፈትል ጠየቁ፤ ሀብታሙም፣ የተማረውም፣ ወንዱም። እ.ኤ.አ. በ1924 የኮንግረስ ፓርቲው አባላት በወር 2,000 ያርድ ክር ፈትለው እንዲያመጡ ወሰነ። አካፍዬ አየሁት፤ በቀን 60 ሜትር ገደማ ነው። ጋንዲ እስር ቤት ሆነውም ይፈትሉ ነበር። በ1931 ፓርቲው ባጸደቀው ባንዲራ መካከል የተሣለው የፈትል መንኮራኩር ነበር። ለእኔ የገረመኝ መንኮራኩሩ አይደለም፤ መቁጠራቸው ነው። በየቤቱ ሳይቆጠር ይሠራ የነበረ ሥራ በያርድ ሲለካ ጊዜ አገር የሚያንቀሳቅስ ኃይል ሆኖ ተገኘ።

ለእኛ ይሄ ለምን ያስፈልገናል? እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። የሥራ ሰዓት፣ እረፍት፣ የዓመት ፈቃድ የሚለው ለሌላው ሠራተኛ ሲጻፍ እኛ አልተቆጠርንም። ምክንያቱ ከአያቴ እንዝርት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ሴት የምትሠራው፣ ጫፍና መጨረሻ የሌለው ነገር ሥራ አይመስላቸውም። ነጋም መሸም እቃ ሲታጠብ “ምን ሠራሽ?” የሚባለው ለዚህ ነው።

እኔ አሁን እፈትላለሁ። እናቴ ወደዚህ በምትመለስ የሰፈራችን ልጅ እጅ እንዝርትና አንድ ፌስታል ባዘቶ ላከችልኝ። የምሳ እቃ ታጥቦ ማዳም ጋደም ስትል ግማሽ ሰዓት አገኛለሁ። ኩሽና በርጩማ ላይ ቁጭ እላለሁ። የመጀመሪያ ቀን ማዳም አይታኝ “ሹ ሃይዳ?” አለችኝ። “ኽይጥ፣ ለእናቴ ጋቢ” አልኳት። እንዝርቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና መልሳ ሰጠችኝ። ልቃቂቱ በሞላ ቁጥር በደብተሬ ላይ ቀኑን እጽፋለሁ። እስካሁን አሥራ አራት ሆኗል። ለጋቢ ገና ነው፤ ግን አሥራ አራት ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈትል ደሞዝ አያስጨምርም፣ የተያዘ ፓስፖርት አያስመልስም፣ የተቆለፈ በር አይከፍትም። ግማሽ ሰዓት እንኳ የማታገኝ እህት እንዳለችም አውቃለሁ። ግን ያቺ ግማሽ ሰዓት አንድ ነገር አስተማረችኝ። የእኔ የሆነው ሥራ በቀን ምን ያህል እንደሚሄድ መቁጠር ስጀምር፣ የእኔ ያልሆነው ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚወስድም መቁጠር ጀመርኩ። በደብተሬ በአንድ በኩል ልቃቂት አለ፤ በሌላ በኩል ከስንት ሰዓት ተነሥቼ ስንት ሰዓት እንደተኛሁ፣ የወሩ ደሞዝ መቼ እንደተሰጠኝ ተጽፏል። አንድ ቀን ክርክር ቢመጣ ቢያንስ በቃሌ ብቻ አልቆምም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ እጃችሁ የሚያውቀውን አንድ ሥራ በየቀኑ ያዙ። ፈትል የግድ አይደለም። ዳንቴል ሊሆን ይችላል፣ ስፌት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሌሊት እርሾ ጥላችሁ በእረፍት ቀን የምትጋግሩት ድፎ ዳቦ። ትንሽ ይሁን፤ ግን የራሳችሁ ይሁን። ቀኑንም ጻፉበት። ከጎኑ ደግሞ የሥራ ሰዓታችሁን ጻፉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሰምተን አድገናል። ድሩ የሚያብረው ግን መጀመሪያ አንዷ ቁጭ ብላ ስትፈትለው ነው። እሑድ ስትመጡ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እያንዳንዳችን ስንት ሰዓት እንደሠራን አብረን እንቁጠር።