ወፎችን በፎቶግራፍ የማንሣት ታሪክ



በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሊቃውንት አንዱን ወፍ ከሌላው ለይተው ለማወቅ ሲፈልጉ፥ ብዙውን ጊዜ በጠመንጃ ይገድሉት ነበር። ካሜራ ይህን ልማድ ለማስቀረት ረድቷል፤ ሥራው ግን ድካምና አደጋ ነበረበት።

ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የተባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. እንቁላል ያለበትን የወፍ ጎጆ ፎቶግራፍ አነሡ። ኋላም ወፎቹ እንዳይሸሹባቸው፥ በእውነተኛ ቆዳ የተሸፈነ፥ ውስጡ ክፍት የሆነ የበሬ ምስል አሠርተው በሆዱ ውስጥ ይሸሸጉ ነበር። የአገራቸው ሰው ኤሪክ ሆስኪንግ ደግሞ በ1937 ዓ.ም. ጉጉት ፎቶግራፍ ለማንሣት ወደ ጎጆዋ በቀረበ ጊዜ፥ ጉጉቲቱ አንድ ዓይኑን በጥፍሯ አጠፋችበት። እርሱ ግን በቀረችው ዓይኑ ሥራውን ቀጠለ።

ዛሬ ቴሌፎቶ የሚባለው ረጅም ሌንስ ሩቁን ያቀርባል፤ ባለ600 ሚሊሜትሩ ከባለ50 ሚሊሜትሩ ይልቅ ምስሉን 12 እጥፍ ያጐላል። በ2008 ዓ.ም. ለገበያ መቅረብ የጀመረው መስተዋት አልባ ካሜራም፥ በየፎቶግራፉ ብድግ እያለ ድምፅ የሚያሰማው መስተዋት የለውም። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የሶኒ ኤ9 ያለ አንዳች ድምፅ በሰከንድ እስከ 20 ፎቶግራፍ ለማንሣት አስችሏል።

ይሁን እንጂ መሣሪያ ብቻውን ወፍን አይጠብቅም። እናቲቱ ደንግጣ ከጎጆዋ ርቃ ከቆየች፥ እንቁላሉ ቀዝቅዞ ጫጩቱ ሳይፈለፈል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ረጅም ሌንስ የያዘ ሰው ከሩቅ ይቁም፤ ወፊቱ ከተረበሸችም ፎቶግራፉን ትቶ ይመለስ።