የጭንቅ ጊዜ ጨዋታ

በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጡብ እደረድር ነበር። ጡቡ የስልክ ጡብ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ምጥ ይዟት ከገባች አሥራ አራት ሰዓት ሆኗታል። «የሕፃኑ የልብ ምት እየወረደ ስለሆነ በኦፕራሲዮን እናዋልዳታለን» ብለው በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ሲወስዷት እጇን እንኳ ለመያዝ አልደረስኩም። ባለቤቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። አማቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይንጎራደዳል። እኔ ግን ጉልበቴ ከድቶኝ ተቀመጥኩ። ታላቅ እኅቴን በ1967 ዓ.ም. የወሰዳት ይኸው ምጥ ነውና፣ የእኅቴ ፊትና የልጄ ፊት እየተፈራረቁ ይመጡብኝ ጀመር። እጄ ሲንቀጠቀጥ ያየው የአሥራ አራት ዓመቱ የመጨረሻ ልጄ ስልኩን አቀበለኝና «አባዬ፣ እስቲ ይህን ሞክረው» አለኝ።

በዚያ ስልክ የተነሣ ስንት ጊዜ እንደተቆጣሁት እርሱም እኔም እናውቃለን። ቢሆንም ተቀበልኩት። ከላይ አንድ ቅርጽ ይወርዳል፤ አዙሬ ከቦታው አሳርፈዋለሁ፤ መስመሩ ሲሞላ ይጠፋል፤ ሌላ ይወርዳል። ቀና ስል አርባ ደቂቃ አልፏል፣ እጄም መንቀጥቀጡን ትቷል። የባለቤቴ ዓይን ግን እላዬ ላይ ነበር። «አንተ ሰውዬ! ይህ የጨዋታ ጊዜ ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። በኋላ ግን ጥያቄዋ አላስቀምጥ አለኝ። በጭንቅ ጊዜ መጫወት ነውር ነው ወይስ ሰው ሁሉ ሲያደርገው የኖረ ነገር ነው? እንደ ልማዴ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ።

አስቀድሞ ያቆመኝ የራሳችን ቋንቋ ነው። «ጭንቅ» የሚለው ቃል ምጥንም ያመለክታል፤ የወላድ ጭንቅ እንላለን። ለማናቸውም የልብ መጥበብም ስም ነው፤ «ጭንቀት»ም ከዚያው ሥር ነው። ጨዋታ ስንልስ? እንግዳ ሲመጣ «ተጫወቱ እንጂ» የምንለው ገበጣ አምጥተን አይደለም። ወሬውም ቀልዱም ተረቱም በእኛ ዘንድ ጨዋታ ነው። ሐዘንተኛን ብቻውን አትተዉት ለማለት «እስቲ አጫውቱት» እንላለን። ሌላው ቢቀር የአዲስ አበባን ለቅሶ ቤት ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። ድንኳን ተተክሎ፣ ሬሳው ከተቀበረ በኋላ፣ ሌሊቱን ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድሩት ወንዶች ካርታ ይጫወታሉ። ይህን ክብረ ቢስነት ነው ብሎ የሚቆጣ ሽማግሌ አይጠፋም። እኔም ወጣት ሳለሁ እንደዚያ አስብ ነበር። አባቴ በሞተ በሦስተኛው ሌሊት ግን፣ አንድ ጎረቤታችን ምንም ሳይናገር ካርታውን አድሎኝ ሲነጋ ያስተዋልኩት፣ ያንን ሌሊት ያለፍኩት በካርታው መሆኑን ነው። እንዲያውም በሕይወቴ ከሰማኋቸው ማጽናኛዎች ሁሉ ያ ዝም ያለ እደላ ይበልጥብኛል።

ነገሩ በጽሑፍ ከሰፈረ ደግሞ ሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በጻፈው መጽሐፍ፣ በዛሬዋ ቱርክ ምዕራባዊ ክፍል ይኖሩ ስለነበሩት የሊድያ ሰዎች ያወራል። በንጉሥ አቲስ ዘመን በአገሩ ጽኑ ረሃብ ገባ። ሰዎቹ ሲቸግራቸው ዘዴ ፈጠሩ፤ ዳይሱን፣ የእንስሳ ቁርጭምጭሚት አጥንት የሚጣልበትን ጨዋታ፣ ኳሱንም ያን ጊዜ አወጡ ይላል። አንዱን ቀን ምግብ እንዳያምራቸው ሲጫወቱ ይውሉና በማግስቱ ጨዋታውን ትተው ይበላሉ። እንዲህ እያሉ 18 ዓመት ኖሩ። ሄሮዶቱስ የሰማውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ነውና ታሪኩን እንደ ወረደ የሚያምን የለም። እኔን የሳበኝ ግን መጨረሻው ነው። ረሃቡ አልለቅ ሲል ንጉሡ ሕዝቡን ለሁለት ከፍሎ ዕጣ ጣለና ግማሹ አገር ጥሎ ተሰደደ። ጨዋታው ረሃቡን አላጠፋውም ማለት ነው። የሰጠው ጊዜ ብቻ ነው።

የእኛን ገበጣና ሰንጠረዥ በሚመለከት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ሰፊ ጥናቶችን አሳትመዋል፤ የፈለገ ያንብባቸው። እዚህ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። በጥንቱ ሰንጠረዛችን አጀማመር ላይ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ እኩል ነበር ጠጠር የሚያንቀሳቅሱት። በዚያ ፍጥነት ላይ ሆኖ ስለ ነገ የሚጨነቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም።

ወደ ስልኬ ጡብ ልመለስ። ስሙ ቴትሪስ ነው፤ የትውልድ አገሩም ሞስኮ። እ.ኤ.አ. በ1984፣ በእኛ 1976 ዓ.ም.፣ አሌክሲ ፓዢትኖቭ የተባለ የ29 ዓመት ሰው በሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ይሠራ ነበር። በልጅነቱ የሚወደው አንድ የእንጨት ጨዋታ ነበረው፤ ከአምስት አምስት ካሬ የተሠሩ ቅርጾችን በሣጥን ውስጥ መግጠም። አምስቱን ወደ አራት ቢቀንሰው ሰባት ቅርጽ ብቻ ወጣለት፤ ሰባት ደግሞ በቃል የሚያዝ ቁጥር ነው። የሚሠራበት ኤሌክትሮኒካ 60 የተባለ ኮምፒዩተር ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ጡቦቹን በጽሑፍ ቅንፎች ሠራቸው። ስሙንም «ቴትራ» ከሚለው የግሪክ አራትና ከሚወደው የቴኒስ ጨዋታ ቀጥሎ አወጣው። ቫዲም ገራሲሞቭ የተባለ የ16 ዓመት ተማሪ ጨዋታውን ወደ አይ.ቢ.ኤም. ኮምፒዩተር አዛወረለትና ከዚያ በኋላ በዲስክ እየተገለበጠ ከቢሮ ቢሮ ተዛመተ። እንደሚተረከው፣ የፓዢትኖቭ ወዳጅ የነበረ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጨዋታውን ወደ ሥራ ቦታው ወስዶት ሠራተኛው ሁሉ ሥራ ቢፈታ፣ ማታ እየዞረ ዲስኮቹን ለቅሞ አጠፋቸው።

በዚያ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ የእኛ ልጆች በሶቪየት ኅብረት ይማሩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የነበረ የአጎቴ ልጅ ይህን ጨዋታ በተቋማቸው ኮምፒዩተር ላይ ማየቱን ነግሮኛል። «ከአገር ቤት ደብዳቤ ሲዘገይ እሱ ላይ ነበር የምንሰለፈው» አለኝ እየሳቀ። ያኔ ከአገር ቤት የሚዘገይ ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ የዘመኑ ሰው ያውቀዋል።

መብቱ የመንግሥት ነበርና ፓዢትኖቭ ለዓመታት ከሽያጩ ድርሻ አላገኘም፤ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ከሄንክ ሮጀርስ ጋር የራሳቸውን ኩባንያ ካቋቋሙ በኋላ ነው። ጨዋታውን ከዓለም ጋር ያስተዋወቀው ግን የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ1989 ያወጣው ጌም ቦይ የተባለ የእጅ መጫወቻ ነው። ወደ እኛም በ1980ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. «ብሪክ ጌም» የሚባለው ርካሽ አምሳያው ገባ። የእኅቴን ልጅ፣ ያችኑ በወሊድ ያጣናትን እኅቴን ልጅ ማለቴ ነው፣ ሥራህን ትተህ እንደ ሕፃን ትጫወታለህ ብዬ ነጥቄው አውቃለሁ። ያለ እናት ያደገው ያ ልጅ እዚያች መጫወቻ ላይ አቀርቅሮ ምን ይሸሽ እንደነበር አልጠየቅሁትም። አሁን ብጠይቀው ይሥቅብኛል።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 አሌክሳንድር ሰረብሮቭ የተባለው የሩሲያ ጠፈርተኛ ሚር ወደተባለው የጠፈር ጣቢያ ሲወጣ ጌም ቦይና ቴትሪሱን ይዞ ሄደ። በዚያ ጠባብ ቆርቆሮ ውስጥ 196 ቀን ቆይቶ በጥር 1994 ተመለሰ። ሰው ምድርን ለቆ ሲወጣ ከሚይዘው ጥቂት ጓዝ ላይ ጨዋታ መጨመሩ ለባለቤቴ ጥያቄ ግማሽ መልስ ሳይሆን አይቀርም።

ሐኪሞች ነገሩን በቁም ነገር የያዙት ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከ4 እስከ 12 ዓመት የሆኑ፣ ኦፕራሲዮን የሚጠብቁ ሕፃናትን ለሦስት ከፈለ። አንዱ ወገን ወላጁ አብሮት ገባ፤ ሁለተኛው ከወላጅ ሌላ ማረጋጊያ መድኃኒት ተጨመረለት፤ ሦስተኛው በመድኃኒቱ ፈንታ የእጅ ቪዲዮ ጌም ተሰጠው። የማደንዘዣው ጭንብል ሲቀርብ የተሻለ የተረጋጉት ጌሙን የያዙት ነበሩ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ኬት ስዊኒና ባልደረቦቿ በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ውጤት የሚጠብቁ ወጣቶችን ቴትሪስ አጫወቱ። ጨዋታው በጣም የቀለላቸውም በጣም የከበዳቸውም አልተጠቀሙም፤ የተረጋጉት ልክ ከችሎታቸው ጋር የተመጣጠነው የደረሳቸው ናቸው። ልጄ በዚያ ሌሊት ጨዋታውን ከዝግተኛው እርከን አስጀምሮ የሰጠኝ ይህን አውቆ ነው እንዳልል ልጅ ነው፤ ግን እንደዚያ ነው ያደረገው።

ከሁሉ የሚበልጠው የኤሚሊ ሆምዝ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኦክስፎርድ እርሷና ባልደረቦቿ ለ40 ሰዎች አሰቃቂ ፊልም አሳዩና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግማሾቹን ለ10 ደቂቃ ቴትሪስ አጫወቷቸው። በሳምንቱ ውስጥ የፊልሙ ምስል ሳይጠሩት ብቅ እያለ ያስቸገራቸው ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ አእምሮ በዓይነ ኅሊና የሚሥልበት ሰሌዳ ጠባብ ነው ይላሉ። አዲስ ትዝታ ደግሞ ቶሎ አይደርቅም፤ እንደ እርጥብ ጭቃ ለሰዓታት ይቆያል። በዚያ ሰዓት ሰሌዳውን ጡብ ከያዘው አስፈሪው ምስል እንደልቡ አይታተምም። ጨዋታ ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። በተከታዩ ዓመት ከቴትሪስ ጎን ለጎን በቃላት ጥያቄና መልስ ጨዋታ ቢሞክሩ፣ እርሱ ጭራሽ ብቅ የሚለውን ምስል አበዛው። በ2017 ሙከራው ከፊልም ወጥቶ ወደ እውነተኛ ሰዎች ደረሰ። በኦክስፎርድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመኪና አደጋ የደረሰባቸው 71 ሰዎች ተካፈሉ። በስድስት ሰዓት ውስጥ አደጋውን አስታውሰው ቴትሪስ የተጫወቱት፣ በመጀመሪያው ሳምንት የመጣባቸው የአደጋ ምስል ካልተጫወቱት በ62 በመቶ ያነሰ ነበር።

ነገሩን ሁሉ ማር አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ፣ ከቁጥጥር የወጣ የጌም ልማድ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ተመዝግቧል። እንደ ሊድያ ሰዎች አሥራ ስምንት ዓመት የሚጫወት ሰው ረሃቡ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

በዚያው በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ግን ሳነበው ወንበሬ ላይ አላስቀመጠኝም። በስዊዘርላንድ ሎዛን ከተማ አንትየ ሆርሽና ባልደረቦቿ በድንገተኛ ኦፕራሲዮን የወለዱ 56 እናቶችን አጠኑ። ከወሊዱ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ ገና አልጋ ላይ ሳሉ፣ ለ15 ደቂቃ ቴትሪስ የተጫወቱት እናቶች በሳምንቱ ውስጥ የኦፕራሲዮኑ ምስል የጎበኛቸው ካልተጫወቱት ባነሰ ነበር።

እናቶቹ! ስልኩ ኮሪደር ላይ በእኔ እጅ ነበር። ሊደርሳት ይገባ የነበረችው ግን ከበሩ ወዲያ ነበረች።

ልጄ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ። እልል ተባለ፣ ገንፎ ተበላ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሰፈሩ ሁሉ ጎረፈ። እርሷም ሁሉንም በፈገግታ ተቀበለች። በአራተኛው ወር ነው ለእናቷ የነገረቻት። ዓይኗን በከደነች ቁጥር ያ ክብ የጣሪያ መብራት ይመጣባታል፤ «የልብ ምቱ ወረደ» የሚለው ድምፅ ይሰማታል፤ ሌሊት ተነሥታ ሕፃኗ መተንፈሷን በእጇ ትዳስሳለች። ልጅ ጤነኛ ከሆነ እናት ሌላ ምን አላት ብለን እኛ ረስተነው ነበር።

ስድስቱ ሰዓት አልፎ እንደሆነ ለማወቅ ተጨማሪ ፈለግሁ። በ2018 የወጣ አንድ የጀርመን ጥናት አገኘሁ። በቦኹም ከተማ ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ፣ ጠባሳቸው የቆየ 20 ሕሙማን፣ ባለሙያ አጠገባቸው ሆኖ ከሚያስጨንቃቸው ትዝታ አንዱን በወረቀት ይጽፋሉ። ከዚያ ለማንም ሳይናገሩ ወረቀቱን ይቀዱታል፤ ከዚያ 25 ደቂቃ ቴትሪስ ይጫወታሉ። ከአብዛኞቹ ዘንድ ያ የተመረጠው ትዝታ ለመመላለስ ሰነፈ። የቆየ ትዝታም ሲታወስ መልሶ ይረጥባል ማለት ነው።

ይህን ለልጄ ስነግራት መጀመሪያ ሣቀች፤ «አባዬ፣ ጌም ተጫወቺ እያልከኝ ነው? አንተ?» አለች። ቀጥላ አለቀሰች። የሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የተስማማችው በዚያ ቀን ነው። ሐኪሟም ሐሳቡን ሰምታ፣ ከሌላው ሕክምና ጋር እንሞክረው አለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ልጄን ከቀጠሮዋ ልወስዳት ሄድኩ። ሕፃኗን አቅፌ ውጭ ስጠብቅ እናቷ ወጣች። በቀኝ እጇ ስልኳን፣ በግራ እጇ የተቀዳደደ ወረቀት ጨብጣለች። በሩ አጠገብ ካለው ቅርጫት ጣለችውና ልጇን ተቀበለችኝ። ምን እንደጻፈችበት አልጠየቅኋትም። ባለቤቴም አልጠየቀችም፤ መኪና ውስጥ ስንገባ ብቻ ዘወር ብላ «ስንት አገባሽ?» አለቻት።