የቤተልሔም ምስክር

ሥራ ፈላጊው በእጁ ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞርባትን፣ ማኅተም ያረፈባትን ወረቀት «የምስክር ወረቀት» ብለን መጥራት ከጀመርን ዘመን ቢቈጠርም፣ የስሟን ትርጓሜ ልብ ብለን የመረመርን ጥቂቶች ነን። ምስክር በፍርድ አደባባይ የሚቆም ሰው ነው፤ በዓይኑ ያየውን፣ በጆሮው የሰማውን ይናገራል፤ በሐሰት ቢናገርም ይጠየቅበታል። ወረቀቲቱ ይህን ስም የወረሰችው፣ በአገራችን የሙያ ፈተና ከወረቀት ብዙ ዘመን ቀድሞ በሕያው ሰው ምስክርነት ይጸና ስለ ነበረ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የዚህም ሥርዓት ጉልህ ምሳሌ በበጌምድር፣ በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተልሔም ናት።

ማሕሌታዊው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ የደረሰው የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓ፣ ቃሉ በብራና ቢጻፍም ዜማው ለብዙ ዘመናት ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ኖረ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ማለት ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ከቃሉ በላይ በጥቃቅን ፊደላት የሚጻፈውን የዜማ ምልክት እንደ ሠሩ አበው ይተርካሉ። ይሁን እንጂ ድፋቱም፣ ቅናቱም፣ ይዘቱም፣ ርክርኩም ዜማውን አስቀድሞ የሰማውን ሰው ያስታውሱታል እንጂ ያልሰማውን አያስተምሩትም፤ ስለዚህ ምልክቱ በብራና ላይ ከሰፈረ በኋላም የምልክቱ ዳኛ የሊቅ ጆሮ ሆኖ ቀረ። መምህራኑም በየአውራጃው ተራርቀው ስለሚያስተምሩ፣ አንዱ የሚያነሣውን ሌላው ቢጥል፣ አንዱ የሚያረዝመውን ሌላው ቢያሳጥር፣ ልዩነቱን ሰምቶ የሚፈርድ አንድ ቦታ ማስፈለጉ አልቀረም።

ለድጓ ያ ቦታ ቤተልሔም ሆነች። ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር በአታ፣ ቅዳሴ በሰለልኩላና በደብረ ዓባይ እንደሚመሰከር ሁሉ፣ ድጓ በቤተልሔም ይመሰከራል። የአጫብርና የቆማ ሊቃውንት የየራሳቸውን ስልት ጠብቀው ቢኖሩም፣ የቤተልሔምን ያህል ተሰሚነቱ በየአውራጃው የሰፋ የድጓ ምስክር ቤት የለም። የሥርዓቱ አጥንት አጭርና ግልጽ ነው፤ ያስተማረ መምህር ለገዛ ደቀ መዝሙሩ ብቻውን የመጨረሻ ምስክር አይሆንም። ተማሪው በሩቅ አገር ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ዓመታት ቢቀመጥ፣ መምህሩም በሙሉ ልቡ ቢመርቀው፣ ሙሉ የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር ለመትከል፣ ፍቅርም ውለታም ከማያሳስተው ከሌላ ሊቅ ፊት ቀርቦ መሰማት ይገባዋል።

መንገዱም ቀላል አልነበረም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየመንደሩ ቍራሽ እየለመነ ይጓዛል፤ ከሁሉ የከበደው ሸክሙ ግን በገዛ እጁ የጻፈው ድጓ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ ፍቆ ብራና አድርጓል፤ ጥላሸት በጥብጦ ቀለም አዘጋጅቷል፤ መቃ ቀርጾ ብዕር አበጅቷል፤ የቅዱሳኑን ስም በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር ጽፎ፣ በመስመሮቹ መካከል ደግሞ ምልክቱን እንደ ሰናፍጭ ቅንጣት አድቅቆ ነዝቶበታል። በቤተልሔም ሁለት ነገር አብሮ ይመረመራል፤ እነርሱም ሰውየውና መጽሐፉ ናቸው። ተማሪው ያዜማል፣ መምህሩ ያደምጣል፤ ድምፁ መውደቅ ባለበት ቦታ ቢነሣ ያስቆመዋል፣ ይመልሰዋል፣ ዳግመኛ ያሰኘዋል፤ በብራናውም ላይ የተሳሳተው ምልክት ተፍቆ ይታረማል። ድጓ የዓመቱን በዓላትና ሳምንታት ሁሉ የሚያጠቃልል መጽሐፍ ስለ ሆነ፣ ይህ የአንድ ቀን ነገር አይደለም፤ ተማሪው እንደ ገና ተቀምጦ ከዳር እስከ ዳር ይዘልቀዋል። ሲፈጸም ተመርቆ ይሰናበታል፤ «ቤተልሔም አስመሰከረ» የሚለው ዝናም ከእርሱ ቀድሞ አገሩ ይገባል።

የቤተልሔም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ለሚያያት ክብ የሣር ክዳን ቤት ትመስል ነበር፤ ወደ ውስጥ የገባ ሰው ግን በሣሩ ተከልላ የኖረች፣ በተጠረበ ድንጋይ አራት ማዕዘን ሆና የታነጸች ጥንታዊት ሕንፃ ያገኛል። ደበሎ ለብሶ የሚመጣውን ተማሪም የቤተልሔም ሊቃውንት በዚህ ዓይን ይመለከቱት ነበር፤ ልብሱን አልፈው በውስጡ የታነጸውን ይፈትሹ ነበር።

ይህ ምስክርነት ለነፍስ ክብር ብቻ ሳይሆን ለሥጋም እንጀራ ነበር። የአንድ ደብር አለቃ መሪጌታ ሲሾም፣ ለሹመቱ የተመደበው የሰሞን መሬት አብሮ ስለሚሰጥ፣ ሙያ የሌለውን ሰው መሾም መሬቱን ለባዕድ እንደ መስጠት፣ ማሕሌቱንም እንደ ማፍረስ ይቈጠር ነበር። ስለዚህ እንግዳ ካህን ሹመት ሽቶ በመጣ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ተማሪ ነህ? የትስ አስመሰከርህ?» የሚል ነበር። መልሱንም ማንም በቃል ብቻ አምኖ አይቀበለውም፤ በዋዜማው ሌሊት ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ቆመው ሲያዜሙ የእንግዳው ሙያ በአደባባይ ይገለጣል። ባለቅኔ ከሆነ ደግሞ ፈተናው ዕድሜውን ሙሉ አይለቀውም፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ስለ ሆነ፣ በየበዓሉ አዲስ መቀኘት፣ አገባቡ ቢጐድልም በሊቃውንቱ ፊት መታረም ግድ ነው።

በታሪካችን የዚህ ተቃራኒም ተመዝግቧል። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጳጳሱ አቡነ ማርቆስ ክህነት ሲሰጡ ተመልክቶ እንደ ጻፈው፣ በአንድ ቀን ከ2000 በላይ ሰዎች ተሹመዋል፤ እያንዳንዱ ከመጽሐፍ ሁለት ሦስት ቃል ካነበበ በኋላ፣ ያለፈው ሰው ቀኝ ክንዱ ላይ በቀለም ማኅተም ይደረግበት ነበር፤ የወደቁትም እጅግ ጥቂት ነበሩ። ጳጳስ ከግብፅ አንድ ብቻ በሚመጣበት፣ እርሱም ሲሞት መንበሩ ለዓመታት ባዶ በሚቀርበት ዘመን፣ የሕዝቡ ብዛት ፈተናውን እንዳሳጠረው መረዳት አያስቸግርም። ነገር ግን የክንድ ቀለም በውኃ ይታጠባል፤ በቤተልሔም የተመሰከረ ዜማ ግን ሰውየው እስኪያርፍ ድረስ ከአፉ አይጠፋም። መዛኙ ጊዜ ሲያጣ ማኅተሙ ብቻውን እንደሚቀር ይህ ታሪክ ያስተምረናል።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ አዲሱ ትምህርት ከነወረቀቱ መጣ፤ ወረቀቱም በየመሥሪያ ቤቱ የሰውን ቦታ እየወሰደ ሄደ። መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ1996 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ አዋጅ ቍጥር 391 ወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂም ሕዝቡ «ሲኦሲ» የሚለው የብቃት ምዘና ተዘረጋ፤ በዚህም ሙያውን በትምህርት ቤት የተማረውም፣ ከአባቱ ወይም ከጋራዥ የቀሰመውም በአንድ ሚዛን ሊመዘን ተፈቀደለት። በያጁ ሁለት ብረት አጋጥሞ ሲበይድ መዛኙ አጠገቡ ቆሞ ይመለከታል፤ ስፌቱ ክፍተት እንዳለው፣ ብረቱ እንደ ተቃጠለ ያያል። ያሠለጠነ ብቻውን አይመስክር፣ ሠሪው ሲሠራ ይታይ የሚለው የዚህ ምዘና ሐሳብ አዲስ ቢመስልም፣ በጋይንት ተራራ ላይ ሲሠራበት የኖረ ነው።

ዛሬ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ በየመሥሪያ ቤቱ እየተገኘ አሠሪን ሲያሳፍር፣ በእውነት የደከመውንም ሥራ ፈላጊ በጥርጣሬ ሲያስመለክት እናያለን። መድኃኒቱን በማኅተሙ ማማርና በወረቀቱ ውፍረት ብቻ የሚሹ አሉ፤ እኔ ግን በዚያች ወረቀት ላይ የሚፈርም ሁሉ ስሙን ከማኖሩ በፊት እንደ ቤተልሔም መምህር ተቀምጦ እንዲያደምጥ፣ የተሳሳተውን ፍቆ እንዲያርም፣ ያልበቃውን «እንደ ገና ተቀመጥ» ለማለት እንዲደፍር እመኛለሁ። አሠሪውም የደብሩን አለቃ ጥያቄ አይርሳ፤ «የትስ አስመሰከርህ?» ሲል፣ ሲሠራ ያየውን ሰው መጠየቁ ነውና።