የሐኪም ቃልና የበሽተኛ ልብ



«ምላስ አጥንት የላትም፤ አጥንት ግን ትሰብራለች» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ተሳዳቢውንና ነገረኛውን በማሰብ ይመስለናል። ነገር ግን የተሰበረውን አጥንት ለመጠገን የተማረው ሐኪምም፥ ሳያስበው በምላሱ የሚሰብርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የሐኪም አነጋገር በበሽተኛ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሕክምና ታሪክ ውስጥ እንዴት እየታወቀ እንደ መጣ ጥቂት እናወሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ፐርሲቫል በ1803 ዓ.ም. ስለ ሕክምና ሥነ ምግባር አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1847 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ የተቋቋመው የአሜሪካ የሕክምና ማኅበርም በዚያው ዓመት የሙያውን ደንብ ሲያጸድቅ ከዚህ መጽሐፍ ብዙ ወሰደ። ደንቡ የበሽተኛ ዕድሜ በሐኪሙ ሥራ ብቻ ሳይሆን በንግግሩና በአኳኋኑም ሊያጥር እንደሚችል በግልጽ ያስጠነቅቅ ነበር። ስለዚህም ሐኪሙ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቃል ከመናገር እንዲጠነቀቅ፥ አደጋውንም የሚያስታውቀው በተቻለ መጠን በሌላ አስተዋይ ሰው በኩል እንዲሆን ይመክር ነበር።

ይህ ማስጠንቀቂያ ከንቱ እንዳልነበረ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ እነሆ። በርናርድ ላውን የተባሉት የልብ ሐኪም በ1985 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበለውን ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበር ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ናቸው። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው በቦስተን ከተማ ሲሠሩ ያዩትን በ1996 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ተርከዋል። ልቧን የምትታመም አንዲት ሴት ለምርመራ እንደ ቀረበች፥ አንድ ስመ ጥር ሐኪም ተከታዮቻቸውን ይዘው ገቡ። መረመሯትና ወደ ተከታዮቻቸው ዞረው፥ ይህች ሴት «ቲ ኤስ» አለባት ብለው ወጡ። እነዚህ ሁለት ፊደላት ከልብ በሮች የአንዱን መጥበብ የሚያመለክተው የእንግሊዝኛ ስም መነሻዎች ናቸው። ሴትዮዋ ግን በእነዚያው ፊደላት የሚጀምር፥ መዳን የሌለው የመጨረሻ ሁኔታ ማለት የሆነ ሌላ ሐረግ መሰላት። ወዲያው ትንፋሿ ተጣደፈ፤ ልቧ በኃይል ይመታ ጀመር፤ ሳንባዋም ውሃ ቋጠረ። ወጣቱ ሐኪም የፊደላቱን እውነተኛ ፍች ቢያስረዷትም ልቧን ሊመልሱት አልቻሉም። በዚያው ቀን ሞተች።

በእርግጥ አንድ ታሪክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የሴትዮዋም ልብ አስቀድሞ የታመመ ነበር። ይሁን እንጂ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ሊቅ ዋልተር ካነን በ1942 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ብርቱ ፍርሃት በነርቮችና ከኩላሊት በላይ በሚገኙት ዕጢዎች አማካይነት የደምን ዝውውር አውኮ ሰውን ለሞት ሊያደርስ እንደሚችል አስረድተው ነበር።

ቃል ይጎዳል ብለው የሠጉ ብዙ ሐኪሞች መፍትሔው ዝምታ መሰላቸው። ዶናልድ ኦከን የተባሉ ሐኪም በቺካጎ 219 ሐኪሞችን ጠይቀው በ1961 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፥ ከመቶው 90 ያህሉ ካንሰር መሆኑን ለበሽተኛው አለመንገርን እንደሚመርጡ ተገለጸ። ዝምታም የራሱ ሥቃይ አለው። በሽተኛው ከዘመዶቹ የቀላ ዓይንና ከአስታማሚዎቹ ሹክሹክታ ፍርዱን ይገምታል፤ የሚያማክረው ሰው ግን ያጣል። በ1979 ዓ.ም. ተመሳሳይ ጥያቄ ለሌሎች የአሜሪካ ሐኪሞች በቀረበ ጊዜ መልሱ ፈጽሞ ተገለበጠ፤ ከመቶው 97ቱ መንገርን የሚመርጡ ሆኑ።

እውነቱን መናገር ትልቅ እርምጃ ነው። ዳሩ ግን መናገርና በወግ መናገር ልዩ ልዩ ናቸው፤ ከመናገርም በፊት መስማት አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ነገር ግን ለመግለጥ የፈለገውስ ማን ይስማው? ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 ዓ.ም. በአሜሪካ 74 የሐኪምና የበሽተኛ ውይይቶችን መርምረው፥ ሕመማቸውን ተናግረው እንዲጨርሱ ዕድል ያገኙት ከመቶው 23ቱ ብቻ መሆናቸውን አስታወቁ። የቀሩት አብዛኞቹ በአማካይ ገና በ18 ሴኮንድ ንግግራቸው ይቋረጥ ነበር።

ይህ ጉዳይ የእኛንም ወገኖች የነካ ነው። የውብዳር በየነ የተባሉት ምሁር በ1992 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፥ በአሜሪካ በስደት ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሙ የማይድን በሽታን ለታማሚው ፊት ለፊት መንገሩ ጭካኔ መስሎ እንደሚታያቸው አስረድተዋል። ነገሩ ለባሕላችን እንግዳ አይደለም። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፥ ብዙ ጊዜም በማለዳ፥ የሚደግፍ ሰው ባለበት ነው። ይሁንና ይህ መልካም ወግ እውነቱን ለዘለዓለም ለመደበቂያ እንዳይውል መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ስለ ገዛ ሕይወቱ ለማወቅ የሚሻ ሰው ሊነፈገው አይገባምና።

ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ በ2000 ዓ.ም. ዋልተር ቤይልና ሮበርት በክማን ከባልደረቦቻቸው ጋር ለካንሰር ሐኪሞች ባቀረቡት ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያ ውስጥ እናገኛለን። ሐኪሙ አስቀድሞ ጸጥ ያለ ቦታ ያዘጋጃል፤ በሽተኛው ምን እንደሚያውቅ ይጠይቃል፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግም ፈቃዱን ይረዳል፤ ከዚያም በቀላል ቃል ይነግረዋል፤ ኀዘኑን ይካፈላል፤ በመጨረሻም ወደፊት የሚደረገውን አብሮት ያቅዳል። የአባቶቻችንን የመርዶ ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ ትምህርት ሩቅ አይሆንም።

አድማጮች ሆይ፤ ይህ ምክር በየመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ ለምናነጋግር ሁሉ ይጠቅማል፤ የበለጠ የሚያስፈልገው ግን በአልጋ አጠገብ ነው። በሽተኛ ያልገባውን ቃል ይዞ ወደ ቤቱ አይመለስ፤ «ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሐኪሙም ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት በሽተኛው ከንግግሩ ምን እንደ ተረዳ ይጠይቅ። የቦስተኗን ሴት ይህን የጠየቃት ሰው የደረሰላት ፍርሃቱ ልቧን ከያዘው በኋላ ነበር።